መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ፦ ማበረታቻ ያመጣውን ባለሀብት ምን ያቆየዋል?

የመቐለ እና የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ሐምሌ 2009 ዓ.ም በአንድ ሰሞን ሲመረቁ ዕቅዱ ግልጽ ነበር። መንግሥት ሼዱን፣ መንገዱን እና የኤሌክትሪክ መስመሩን ገንብቶ ይጠብቃል፤ ባለሀብቱ የስፌት መኪናውን ይዞ ይገባል፤ ወጣቱ ሥራ፣ ሀገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ታገኛለች። መቐለ ላይ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈስሶ በመጀመሪያው ምዕራፍ 15 ሼዶች ተገንብተዋል። ዛሬ ጥያቄው ፓርክ መገንባት ይቻላል ወይ የሚል አይደለም፤ የገባው ድርጅት እንዲቆይ የሚያደርገው ፖሊሲ የትኛው ነው የሚል ነው።

በወቅቱ የቀረበው ማበረታቻ ብዙ ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 የአንድ መስኮት አገልግሎትን ፈቀደ። ማሽነሪ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ተደረገ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ፓርኮች ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ አምራች ተጨማሪ የገቢ ግብር እፎይታ ያገኛል። በዚህ ላይ ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ የሚያስገባው የአጎዋ ዕድል እና ርካሽ የሰው ጉልበት ታከሉ።

እነዚህ ማበረታቻዎች በአብዛኛው ባለሀብቱን ለማምጣት እንጂ ለማቆየት የተሰሉ አልነበሩም። የግብር እፎይታው ጊዜው ሲደርስ ያበቃል። አጎዋ በዋሽንግተን ውሳኔ ይሰጣል፣ በዋሽንግተን ውሳኔም ይነሣል። ርካሽ ጉልበት ያለው ሀገር ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም።

ፈተናው ከተጠበቀው ፈጥኖ መጣ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም የጀመረው ጦርነት የመቐለን ፓርክ ከሥራ አስወጣ፤ ኋላም እስከ ኮምቦልቻ ዘልቋል። ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ ታገደች። ውሳኔው በታወቀ ሰሞን የአሜሪካው ፒቪኤች በሐዋሳ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሐዋሳ ከጦር ሜዳው ሩቅ ነበረች፤ ጉዳቱ ግን እርሷም ዘንድ ደረሰ። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የመቐለን ፓርክ ወደ ሥራ ለመመለስ ጥረት ተጀምሯል። የቀድሞውን መንገድ እንዳለ መድገም ግን የቀድሞውን ድክመት መድገም ይሆናል።

ጥጡ ከየት ይምጣ?

የመጀመሪያው ድክመት በጥሬ ዕቃ በኩል ያለው ነው። በፓርኮቹ ከሚሰፋው ልብስ የአብዛኛው ጨርቅ ከውጭ ይመጣል፤ ሀገር ውስጥ የሚቀረው በዋናነት የስፌቱ ዋጋ ነው። ሑመራ፣ መተማ እና የአዋሽ ተፋሰስ ግን ጥጥ አብቃይ አካባቢዎች ናቸው። በሑመራ እና በመተማ ያለው አርሶ አደር ሰሊጥን የሚያስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሊጥ ቶሎ ይደርሳል፣ ገዢውም አይጠፋም። ጥጥ በጓይ ትል ይጠቃል፤ ለአረምና ለለቀማ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ኪሳራውን የሚሸከመው ገበሬው ነው። መንግሥት በ2010 ዓ.ም ትልን የሚቋቋም ቢቲ ጥጥ እንዲመረት ቢፈቅድም ዘር ብቻውን ገበያ አይሆንም።

በጥጥ ማሳ እና በስፌት መኪና መካከል መዳመጫ፣ መፍተያ፣ መሸመኛ እና ማቅለሚያ አሉ። በትግራይ ይህን ሥራ ከፈትል እስከ ልብስ አቀናጅቶ ይዞ የነበረው የዓድዋው አልሜዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድቷል። ይህ መካከለኛ ክፍል ካልተጠገነ ፓርኩ ከአካባቢው ገበሬ ጋር የሚያገናኘው ገመድ አይኖረውም፤ ገመድ የሌለው ድርጅት ደግሞ ነቅሎ ለመሄድ አይቸገርም።

ውኃና ደመወዝ

ሁለተኛው ውኃ ነው። ማቅለምና ማጠብ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ መቐለ ግን በዋናነት በዓይናለም የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የምትኖር፣ ነዋሪዋም በፈረቃ የሚቀዳ ከተማ ናት። ተስፋ የተጣለበት የገረብ ግባ ግድብ ሥራም በጦርነቱ ተስተጓጉሏል። የሐዋሳ ፓርክ ያገለገለ ውኃን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ቴክኖሎጂ ይዞ መገንባቱ አማራጭ መኖሩን ያሳያል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው፤ ፋይዳው የሚለካው ፋብሪካው ከተከፈተ በኋላ በሚደረገው ክትትል ነው።

ሦስተኛው ደመወዝ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። ሠራተኞች በብዛት ሥራ ይለቅቁ እንደነበርም ጥናቱ አመልክቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የላኪው ድርጅት ወጪ በዶላር ሲሰላ ቀነሰ፤ የሠራተኛዋ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ግን በብር ከፍ ብሏል።

አዲሱ ሕግ ምን ሊለውጥ ይችላል?

የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ለዚህ ሁሉ አዲስ ማዕቀፍ ሰጥቷል። በዞኑ የሚሠራ ድርጅት ያገኘውን የውጭ ምንዛሪ በሙሉ ይዞ መቆየት እንዲችልም በምንዛሪ ማሻሻያው ተፈቅዷል። ሆኖም ያለ ግዴታ የሚሰጥ ዕድል ከቀድሞው የግብር እፎይታ የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። እፎይታው የሚራዘመው የሀገር ውስጥ ጥጥ ለሚገዛ፣ ውኃውን አጣርቶ መልሶ ለሚጠቀም፣ ሠራተኛን በሚያኖር ደመወዝ ለሚያቆይ ድርጅት ቢሆን ማበረታቻው የውል መልክ ይይዝ ነበር።

መንግሥትም በበኩሉ የሚጠበቅበት አለ። መቐለን ከወደብ ያገናኛል የተባለው የወልዲያ-ሐራ ገበያ-መቐለ የባቡር መስመር አልተጠናቀቀም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰላሙ መጽናት አለበት። አንድ ወቅት ዘርቶ የሚያጭደው ገበሬ እንኳ ማሳው ደኅና መሆኑን ሳያረጋግጥ ዘሩን አይበትንም፤ ለ20 ዓመት የሚያስብ ባለሀብት ከዚህ ያነሰ ዋስትና አይጠይቅም። የፖሊሲው ስኬት መለኪያም ስንት ድርጅት ገባ የሚለው ብቻ ሳይሆን እፎይታው ሲያበቃ ስንቱ ቀረ የሚለው ሊሆን ይገባል።