ለወንድ ልጅ የተዘጋጀ ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው ዓመት፣ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍል ድልድል በተለጠፈበት ዕለት፣ በግቢ ጉባኤ አብራን የምታገለግል አንዲት እኅታችን ስሟን ከሴቶቹ ዝርዝር አጣችው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘችው በወንዶቹ ሕንፃ፣ በወንዶች ስም መካከል ነበር። ስሟ በአገራችን ለወንድ የሚወጣ ስም ነውና ድልድሉን የሠራው ሰው ያለ ምክንያት አልተሳሳተም። እኛ ሳቅን፤ እርሷም አብራን ሳቀች። በማግሥቱም ስሕተቱ ታረመ።

ማታ ከጉባኤ ስንወጣ የነገረችኝ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ወላጆቿ ከእርሷ በፊት ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። አባቷ ሦስተኛው ወንድ እንደሚሆን ተስፋ አድርጎ ስሙን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። እርሷ ስትወለድም ያንኑ ስም ሳይለውጥ ሰጣት። «አባቴ እንደሚወደኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ ስም ለእኔ የወጣ አይደለም። ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ለብሼ የምኖር ይመስለኛል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጅ ክርስትና ለማስነሣት የሚመጡ ወላጆች ለሴት ልጃቸው የወንድ ስም ማውጣታቸውን በሰማሁ ቁጥር የእኅታችን ቃል ትዝ ይለኛል። «ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን እንዴት ይታያል?» ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። አስተያየቴን በአጭሩ ላስቀድም። ለሴት ልጅ የወንድ ስም ማውጣት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሴት ሆና በመወለዷ ያዘነ ልብ ያወጣው ስም ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። መመርመር ያለበትም አስቀድሞ ልቡ ነው፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስሙ ራሱ ጥፋት ነውን?

በአማርኛ ብዙው ስም ጾታውን በራሱ ይናገራል። አበበ ወንድ ነው፤ አበበች ሴት ናት። ጥሩነህ ወንድ ነው፤ ጥሩነሽ ሴት ናት። ሁሉም ስም ግን እንዲህ አይደለም። ፀሐይ፣ ደስታ፣ ስንታየሁ፣ በረከት፣ ቃል ኪዳን፣ ዮርዳኖስ የሚሉት ስሞች ለወንድም ለሴትም ሲወጡ ኖረዋል። በዚህ የተሰናከለ ሰው አልሰማንም። ስለዚህ «ለሁለቱም ጾታ የሚሆን ስም ዘመን አመጣሽ ነው» የሚለው ወቀሳ ልክ አይደለም።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ ሴት የወንድን ልብስ እንዳትለብስ የሚከለክለውን ሕግ (ዘዳ. 22፥5) ጠቅሰው ስምንም በዚያው ይከለክላሉ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ልብስ ነው። ያልተጻፈውን ጨምረን በወላጆች ላይ ሸክም ልናበዛ አይገባንም። ልብስንም በተመለከተ ቢሆን፣ በስንክሳራችን የምትታሰበውን ቅድስት እንባ መሪናን እናስታውስ። አባቷ ሊመንን በተነሣ ጊዜ አብራው ለመሄድ ጠጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ወደ ወንዶች ገዳም ገባች፤ እንደ ወንድ መነኩሴም ተቆጥራ ኖረች። በሐሰት ተከስሳ ያልወለደችውን ልጅ ያሳደገችው «ሴት ነኝ» ብላ ራሷን ነጻ ማውጣት እየቻለች ነው። ሴት መሆኗ የታወቀው ካረፈች በኋላ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም በትዕግሥቷ ታከብራታለች እንጂ በለበሰችው አልነቀፈቻትም።

የሰው ልጅ የመጀመሪያ ስምም ቢሆን የወንድ ብቻ አልነበረም። ኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር ወንድና ሴት አድርጎ እንደፈጠራቸው፣ ስማቸውንም አዳም ብሎ እንደጠራቸው ይነግረናል (ዘፍ. 5፥2)። ስሙ ለሁለቱም ነበረ። ኋላም አዳም ሚስቱን ሔዋን ብሎ ሲጠራት የሕያዋን ሁሉ እናት በመሆኗ ነው (ዘፍ. 3፥20)። ስሟ እርሷ የሆነችውን ይናገራል፤ ያልሆነችውን አይናገርም። የእኔም ሐሳብ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለሴት ልጅ እንዴት ስም ታወጣለች?

በሥርዓታችን ወንድ ልጅ በተወለደ በ40ኛው ቀን፣ ሴት ልጅ በ80ኛው ቀን ትጠመቃለች። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይተርካል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ያለው የእናት የመንጻት ቀን ቁጥርም ከዚህ ጋር ይስማማል። የቀኑ ቁጥር ይለያይ እንጂ የሚሰጠው ጸጋ አንድ ነው። ወንዱ የሚቀበለውን ልጅነት ሴቷም ትቀበላለች። የሚቀባው ሜሮን ሁለት ዓይነት አይደለም፤ ሥጋውና ደሙም ለሁለቱም አንድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በክርስቶስ የተጠመቁት ሁሉ ክርስቶስን እንደለበሱ፣ በእርሱም ወንድና ሴት የሚባል መበላለጥ እንደሌለ ያስተማረው ስለዚህ ነው (ገላ. 3፥27-28)።

ነገር ግን አንድነት ማለት መደባለቅ አይደለም። በጸሎታችን ካህኑ በግእዝ ለወንዱ «ገብርከ»፣ ለሴቷ «አመትከ» ይላል። ወንዱን በ«ከ»፣ ሴቷን በ«ኪ» ይጠራል። ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት ይቆማሉ። ቤተ ክርስቲያን ሴቷን ሴት ብላ ትቀበላታለች፤ ከዚያም ሙሉውን ጸጋ ትሰጣታለች።

በክርስትና ስም ላይ የምናየውም ይህንኑ ነው። አባቶቻችን የወንድ ቅዱሳንን ስም ለሴት ልጅ ከመስጠት አልተቆጠቡም። ወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ገብርኤል፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ተክለ ሃይማኖት ብለው ሰይመዋል። እቴጌ ምንትዋብ ክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር፤ የእቴጌ ጣይቱም ወለተ ሚካኤል። እዚህ ላይ «ወለተ» የምትለውን ቃል ልብ እንበል። ልጅቱን በሰማዕቱ ወይም በመልአኩ ስም ስትጠራት ሴትነቷን ከፊት ታስቀድማለች። «የጊዮርጊስ ልጅ ነሽ፤ በረከቱ ይደርብሽ» ትላታለች እንጂ «ምነው ጊዮርጊስ ሆነሽ በተወለድሽ» አትላትም።

ስለዚህ አንድ አባት የሚወደውን የነቢይ ወይም የሐዋርያ ስም ለሴት ልጁ መስጠት ቢፈልግ መንገዱ አልተዘጋበትም፤ ከጥንት ጀምሮ ተጠርጎለታል።

«ስሜ እንዳይጠፋ»

አሁን ወደ ልቡ እንመለስ። ለሴት ልጅ የወንድ ስም ከሚያወጡት አንዳንዶቹን የሚያነሣሣቸው ወንድ ልጅ አለማግኘታቸው ነው። በአገራችን በብዙ ስፍራ ልጅ ሲወለድ ለወንዱ የሚባለው እልልታ በቁጥር ከሴቷ ይበልጣል። አራሷን ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶችም «ምን ተገኘ?» ብለው ሴት መሆኗን ሲሰሙ «እሷስ ብትሆን ምን አለ» ይላሉ። ያ ቃል ለማጽናናት የሚነገር ነው። ልጅ ስትወለድ ግን ማጽናኛ ያስፈለገው ምን ጠፍቶ ነው?

የስም መጥፋት ፍርሃት ዛሬ የመጣ አይደለም። በሙሴ ዘመን ሰለጰዓድ የሚባል ሰው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። አምስት ሴቶች ልጆቹ በሙሴ፣ በካህኑና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው አባታችን ወንድ ልጅ ስለሌለው ስሙ ከወገኑ መካከል ለምን ይጠፋል ብለው ጠየቁ። ሙሴም ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔርም የሴቶቹ ልጆች ነገር እውነት እንደሆነ መሰከረላቸው፤ ርስቱም እንዲሰጣቸው አዘዘ (ዘኁ. 27፥1-7)። የአባታቸውን ስም ያስጠሩት ወንድ ተብለው አልነበረም። የእያንዳንዳቸው ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆጥሮ ተጽፏል። ሰለጰዓድን እስከ ዛሬ የምናውቀው በሴቶች ልጆቹ ነው።

በእኛም ባህል ቢሆን ሴት ልጅ የአባቷን ስም ከስሟ ቀጥላ ትጠራለች፤ ስታገባም አትተወውም። በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በመጨረሻም በመቃብሯ ላይ የአባቷ ስም ከእርሷ ጋር ይጻፋል። አባት ሆይ፣ ስምህን ልጅህ ይዛልሃለች። የእርሷን ስም ደግሞ አንተ ለእርሷ አውጣላት።

ከሁሉ በላይ የኢያቄምንና የሐናን ቤት እናስብ። በመካንነት ተነቅፈው፣ በእንባ ለምነው፣ የሚወለደው ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን ለቤተ እግዚአብሔር ሊሰጡ ተሳሉ። የተሰጠቻቸው ሴት ልጅ ናት። «ወንድ በሆነ» ብለው ቢያዝኑ ኖሮ በእጃቸው ያለውን የዓለም ደስታ ባላወቁትም ነበር። ግንቦት 1 ቀን የልደታ ንፍሮ ይዘን ደጅ የምንወጣው፣ እልል የምንለው በሴት ልጅ መወለድ ነው። ልደታን እያከበርን በቤታችን የተወለደችውን ሴት ልጅ በቅሬታ ከተቀበልናት በዓሉ አልገባንም ማለት ነው።

«እንድትበረታ»

ሌሎች ወላጆች፣ በተለይ የተማሩት፣ ምክንያታቸው ከዚህ ይለያል። «የወንድ ስም ቢኖራት ማመልከቻዋን የሚያነብ ሰው አይንቃትም፤ ዓለም ለወንድ የተመቸ ነውና ትበርታልኝ» ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ሴት ስለሆነች ብቻ የተገፋች እኅት በየቢሮው አለች።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ለወንድ ልጁ «የዋህ ይሁንልኝ» ብሎ አልማዝ ወይም አበበች የሚል ስም ያወጣ አባት አይታችኋልን? እኔ አላየሁም። መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያስኬድ ከሆነ፣ የወንድን ስም እንደ ሹመት፣ የሴትን ስም እንደ ጉድለት ቆጥረናል ማለት ነው። ልጅቱም ይህን ሳይነግሯት ትማረዋለች። ብርታት የወንድ ነው፤ እኔም የምበረታው ወንድ በመሰልኩ መጠን ነው ብላ ታድጋለች።

የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ግን ይህን አያስተምርም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበለ ጊዜ እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በንጉሡ ዘንድ ባለሥልጣን የነበረ ባሏን ትታ መነኮሰች፤ በንጉሡ ፊት ቀርባም ሃይማኖቷን አልካደችም። ተሰደደች፤ በስደቷም ብዙዎችን ሰብስባ በጣና ዙሪያ ማኅበራትን መራች። ካረፈች ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ገድሏ ተጽፎላታል። ይህን ሁሉ ስታደርግ ስሟ «የጴጥሮስ ልጅ» ነበር፤ ሴት ልጅ። ብርታቷን ያገኘችው ከእምነቷ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ልጅ የምትጠብቁ ወላጆች፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት እርስ በርሳችሁ «ይህን ስም ለምን ወደድነው?» ተባባሉ። መልሳችሁ ምስጋና፣ ተስፋ ወይም የቅዱሳን ፍቅር ከሆነ፣ ስሙ ለሁለቱም ጾታ የሚሆን ቢሆን አትጨነቁ። መልሳችሁ «ወንድ ጠብቀን ስለነበር» ከሆነ ግን ስሙን አቆዩትና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ልጅቱ ስታድግ የስሟን ምክንያት መጠየቋ አይቀርም። ያን ጊዜ ዓይኗን እያያችሁ የምትነግሯት ደስ የሚል ታሪክ ይኑራችሁ።

እኛ ወጣቶች ደግሞ በእንዲህ ያለ ስም በሚጠሩ እኅቶቻችን ላይ አንሣቅ። ይህን የምጽፈው እኔም ከሣቁት አንዱ ስለነበርኩ ነው። እርሷ አብራን ስትሥቅ ያልታመመች መስሎን ነበር።

ስምሽን ያልወደድሽው እኅቴ ሆይ፣ አባትሽን አትቀየሚው። እርሱም የተቀበለውን ልማድ ነው ያደረገው። ለአንቺ ያልተዘጋጀ የሚመስልሽ ስም ዛሬ በአገልግሎትሽና በጠባይሽ የአንቺ ሆኗል። ደግሞም ሌላ ስም አለሽ። በ80ኛው ቀን ካህኑ በታቦቱ ፊት የሰጠሽ፣ በጸሎት የምትታሰቢበት ስም ለማንም ሳይሆን ለአንቺ የወጣ ነው። ጌታችን ከሙታን ተለይቶ በተነሣ ጊዜ መግደላዊት የአትክልት ጠባቂ መስሏት ስታለቅስ፣ ያወቀችው በስሟ «ማርያም» ብሎ በጠራት ጊዜ ነው (ዮሐ. 20፥16)። አንቺንም የሚያውቅሽ እርሱ ነው።

ያቺ የግቢ ጉባኤ እኅታችን ክርስትና ስሟ በ«ወለተ» የሚጀምር መሆኑን የሰማሁት ከዚያ ምሽት በኋላ ነው። አሁን በጉባኤ በዚያ ስም እንጠራታለን፤ ጥያቄው የእርሷ ነበር። አባቷ ባለፈው ፋሲካ ደውሎ ሲያነጋግራት ከአጠገቧ ያለነው በክርስትና ስሟ ስንጠራት ሰማ። «ይህ ስም ያምርብሻል» አላት።

የሕፃናትን ልደት የባረከ አምላክ ወንዶችንም ሴቶችንም ልጆቻችንን በቤቱ ያሳድግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።