የኮሶው ስድብና ብድራቱ

በእብናት ገበያ ኹለት ሰዎች በድንበር ወይም በከብት ነገር ቃል ሲመላለሱ፥ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ የሚመረምረው ማን እውነት እንደ ተናገረ አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል ማን እንደ ተናገረ ነው። ዝም ያለው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ይገባል፤ ዘመዱም ኹሉ አንገቱን እንደ ደፋ ይቈጥረዋል። እንዲህ ያለው ቃል ከአፍ ወደ ዱላ፥ ከዱላ ወደ ጥይት እንደሚሄድ የእብናትና የበለሳ ሽማግሎች ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በኹለት ወገን መካከል ቆመው ደም ለማድረቅ ደክመዋልና።

ነገሩ በገበያ ብቻ ቢቀር ኖሮ ለዳኛና ለሽማግሌ በተተወ ነበር። ዳሩ ግን ይኸው አሳብ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። በቅኔ ቤት ጓደኛውን በሰሙ አመስግኖ በወርቁ የሚወጋ ተማሪ «ይበል» ሲባልለት ያድጋል፤ መምህር በኾነ ጊዜም ያረመውን ኹሉ እንደ ጠላት ያያል። ለምን ቢሉት መልሱ ዝግጁ ነው፤ ለነቃፊ ደግነት ማሳየት መሸነፍ ነው፥ ጌታም በቤተ መቅደስ ጅራፍ አንሥቷል ይላል።

እንዲህ የሚሉት ሰዎች ምሳሌ ሲሹ ሩቅ አይሄዱም፤ ዐፄ ቴዎድሮስን ይጠራሉ። ደብረ ታቦር የንጉሡ ከተማ ነበረች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የተሠራው በአጠገቧ በጋፋት ነው፤ ስለዚህ ታሪኩ የአገራቸው ታሪክ ነው። ንጉሡ ገና ካሣ ሲባሉ፥ ከእቴጌ መነን ወገን የነበረው ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዞ እንደሚያመጣ ፎከረ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ዘመን ኮሶ ሸጠዋል ይባል ነበርና። ካሣም ድል አድርገው በማረኩት ጊዜ፥ እናቴ ገበያ አጥታ የተረፋት ነው ብለው ኮሶ አጠጡት ይባላል። ይህ ወሬ እስከ ዛሬ በየጠላው ቤት እየተነገረ ያስቃል። የሚስቁት ሰዎች ግን አንድ ነገር አላስተዋሉም።

ኮሶ መሸጥ ነውር አልነበረም። ትሉን ለማስወጣት ባላገሩም መኰንኑም በየኹለት ወሩ የሚጠጣው መድኃኒት ነበር፤ ያን ሸጣ ልጇን ያሳደገች ሴት ምስጋና እንጂ ስድብ አይገባትም። ካሣ ለፎካሪው «አዎን ሸጣለች፤ አንተም ጠጥተህ ድነሃል» ብለውት ቢኾን ኖሮ፥ ስድቡ በዚያው ቀን በሞተ ነበር። ኮሶውን በቅጣት ባጠጡት ጊዜ ግን ኮሶ ውርደት መኾኑን ራሳቸው መሰከሩ። የሰደባቸው ሰው የፎከረውን እርሳቸው አጸኑለት። እንዲህ ያለውን ነገር ድል ብሎ የሚጠራ ሰው፥ ድል ማለት ምን እንደ ኾነ ቢጠየቅ መልስ ያጥረዋል።

ስድቡም አልሞተም። ሄንሪ ስተርን የሚባል፥ ቤተ እስራኤልን ሊያስተምር የመጣ ሚሲዮናዊ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም. በሎንዶን ባሳተመው መጽሐፍ ያንኑ የኮሶ ነገር ጻፈ። በ1856 ዓ.ም. ያለ ጊዜው ከንጉሡ ፊት ቀረበ፤ በዚያ ምክንያት ኹለት አሽከሮቹ ተደብድበው ሞቱ፤ እርሱም ሲያይ እጁን ወደ አፉ ቢያደርግ ዛቻ ነው ተብሎ ተመታ። የመጀመሪያው ድብደባ በመጽሐፉ ሰበብ አልነበረም። በኋላ ግን ወረቀቱ ኹሉ ተፈተሸ፤ ኮሶውም ተነበበ፤ ስተርንም ለፍርድ ቀርቦ በሰንሰለት ታሰረ። ቆንሲሉ ካሜሮንም በዚያው ዓመት ታሰረ። በእርግጥ የጠቡ ምክንያት ኮሶ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ከኹሉ ይበልጥ አስቈጥቷቸዋል፤ በዚህም ጥፋቱ የእንግሊዝ መንግሥት ነው። ነገር ግን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድ ቃል ሰውን ዓመታት በሰንሰለት እንዲያኖር ያደረገው፥ በወንድይራድ ጊዜ ያልዳነው ቍስል ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ተወግቶ መልሶ የወጋም ቢኾን አይረሳም።

እንግዲህ ወደ ጅራፉ እንመለስ። ጌታ ጅራፍ ያነሣው ስለ አባቱ ቤት ነው፤ ሳምራዊ ነህ፥ ጋኔን አለብህ ብለው በሰደቡት ጊዜ ግን ጅራፍ አላነሣም። በሊቀ ካህናቱ ፊት ሎሌው በጥፊ በመታው ጊዜ ምን አደረገ? አልመታውም፤ ዝምም አላለም። ክፉ ተናግሬ እንደ ኾነ ክፋቱን መስክር፥ መልካም ከኾነ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ የሚል ጥያቄ ጠየቀው። ለነቃፊ ደግ መኾን ማለት ይህ ነው። ነቃፊውን እንደ ሰው ቈጥሮ ማስረጃውን መጠየቅ፥ እውነት ከያዘ መቀበል፥ ሐሰት ከያዘም ለመታረም ጊዜ መስጠት ነው። ይህ ከስድብ ይልቅ ይከብዳል፤ ስድብማ ሕፃንም ይችለዋል።

ደግነት በዳይን ያደፍራል የሚለው ክርክር ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ መሬቱን የተነጠቀ፥ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ሲናገረው ይሰማልና። ዳሩ ግን ደግነት ዳኛን አይሽርም። ቅዱስ ጳውሎስ በከሰሱት ጊዜ ይግባኝ ብሎ ወደ ቄሣር ሄዷል፤ ከሳሾቹን ግን አልረገመም። ክስን ለዳኛ ማቅረብና ቂምን በልብ ማኖር ኹለት ልዩ ነገሮች ናቸው።

ንጉሥ ዳዊትም ሳሚ ድንጋይ እየወረወረ ሲረግመው አቢሳ ራሱን ልቍረጠው ቢል ከለከለ። ይህን ስብከት የማያውቅ የለም። የማይሰበከው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ዳዊት በሞቱ ጊዜ የሳሚን ሽበት በደም ወደ መቃብር እንዲያወርድ ልጁን ሰሎሞንን አዘዘ። ሊቃውንት ይህን በብዙ መንገድ ይተረጕሙታል። ለእብናት ሰው ግን ትርጓሜው ቅርብ ነው፤ ራሱ ታግሦ ደሙን ለልጁ የሚያወርስ አባት በየቀበሌው አለና።

ከኹሉ የሚያሳፍረው የሊቃውንት ነገር ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖቱን ክርክር አስቈረጡ። ጉባኤው ያጸናው ትምህርት የተዋሕዶ ቀና ትምህርት ነው። ነገር ግን ሦስት ልደት ከሚሉት መካከል አንመለስም ያሉት አንዳንዶቹ ምላሳቸው እንደ ተቈረጠ ተጽፏል። የተቈረጠው ምላስ ለተዋሕዶ ምን ማስረጃ ጨመረላት? መጽሐፍ ጠቅሶ የረታ ሰው ቢላዋ ምን ያደርግለታል? ከዚያ ወዲህ የጸጋው ወገን መጽሐፍ ሳይኾን ካራ ረታን ለማለት ምክንያት አገኘ፤ ይህንንም ምክንያት በገዛ እጃቸው የሰጡት ረቺዎቹ ናቸው። ዛሬ ካራ የሚያነሣ የለም፤ በጉባኤ መካከል ባልንጀራውን መናፍቅ ብሎ ስሙን የሚቈርጥ ግን አልጠፋም።

የዐፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜም ተነግሮ ሳያልቅ የሚቀር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዕለት፥ ሠራዊታቸው በአሮጌ ሜዳ ተመታ። ሚያዝያ 4 ቀን ስተርንንና ካሜሮንን ከእስር ፈትተው ሰደዱ፤ በፋሲካም ቀን አንድ ሺህ ላምና አምስት መቶ በግ ለእንግሊዙ አዛዥ ለናፒየር ላኩ። በሐበሻ ልማድ የላኩትን ፍሪዳ መቀበል መታረቅ ነው፤ ናፒየርም ይህን በተረዳ ጊዜ አልቀበልም አለ። በማግሥቱ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ አምባው ተበዘበዘ፤ ከመቅደላ መድኃኔ ዓለም የተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በሎንዶን ናቸው። ስተርን ግን በደኅና አገሩ ገባ፤ ብዙም ሳይቈይ ስለ መታሰሩ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ።