የካሣው ክርክር ወጪ የማን ነው?

መንግሥት መንገድ ለመሥራት፥ ግድብ ለመገደብ ወይም ከተማ ለማስፋት የአንድ ገበሬ ይዞታ ሲያስፈልገው ካሣ ከፍሎ መውሰድ ሕግ የፈቀደለት ነው። ይህን የሚክድ የለም፤ እኛም አንክድም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ገማቾቹ ካሣውን አሳንሰው ቢጽፉ፥ ገበሬውም አቤት ብሎ ቢረታ፥ እስኪረታ ድረስ ያወጣውን ገንዘብ ማን ይተካለታል?

ነገሩን በአገራችን ሰው እንየው። በዲሬ ሼክ ሁሴን አጠገብ ማሽላ የሚያርስ አንድ ሰው አለ እንበል፤ በማሳውም ላይ መንገድ ይወጣል ተባለ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የመሬት ዋጋ አይጠይቅም። የሚከፈለው ለንብረቱና ለልፋቱ፥ እንዲሁም በመፈናቀሉ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 የመፈናቀያውን ካሣ በአምስት ዓመት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ያሰላ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን የዓመት ገቢ በ15 ያባዛል። ማባዣው ማደጉ መልካም ነው። ነገር ግን የሚባዛው ቁጥር ከተሳሳተ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል፤ በአንድ ዓመት ገቢ ላይ 1,000 ብር የተሳሳተ ገማች ከገበሬው 15,000 ብር ይወስዳል። ምን ያህል ኩንታል እንዳገባ መዝገብ የሌለው ሰው ይህን ስሕተት የሚያቀናው በምስክርና በአዋቂ ግምት ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ።

አዋጁ ሲወጣ የዘረጋው መሰላል መጀመሪያ አቤቱታ ሰሚ አካል፥ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፥ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ነው። በየደረጃው ማመልከቻ ጻፊ አለ፤ ፎቶ ኮፒ አለ፤ የመኪና፥ የአልጋና የምስክሮች ምሳ አለ፤ አቅም ካለም ጠበቃ። ለዚያራ ወደ ዲሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዘውን ሰው በየመንደሩ ያገኘው ያበላዋል፤ ከዚያው አገር ለአቤቱታ የሚነሣው ግን በየመንደሩ እየከፈለ ነው የሚሄደው። በወዲያኛው ወገን የቆመው ነገረ ፈጅ ደመወዙ ከመንግሥት ነው። ቀጠሮው ቢረዝምበት አበል ይታሰብለት ይሆናል እንጂ በሬ አይሸጥም።

ለምሳሌ ያህል፥ ገማቾቹ 80,000 ብር ጻፉ፤ ፍርድ ቤቱ 100,000 ይገባዋል አለ። ሰውዬው እዚያ ለመድረስ 14,000 ብር አውጥቶ ከሆነ እጁ የገባው 86,000 ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይከፈል ይላል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1474 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ብሎ ነበር። 86,000 ከ100,000 ጋር በየትኛው ሒሳብ እኩል ይሆናል? ይልቁንም ብዙው ሰው ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ስለሚያውቅ አቤት ሳይል ይቀራል፤ ያነሰው ግምት ጸንቶ የሚኖረውም ስለዚህ ነው።

አንዳንድ የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን፥ «የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 462 ዳኛው ወጪና ኪሣራ እንዲቈርጥ ሥልጣን ሰጥቶት የለምን?» ይሉናል። ሰጥቶታል። ሥልጣን ነው እንጂ ግዴታ ግን አይደለም፤ ደግሞም የተጻፈው በፍርድ ቤት ስለሚታይ ክስ እንጂ በአስተዳደር ጉባኤ ፊት ስለሚጠፋ ገንዘብ አይደለም። በደሀ ደንብ መክሰስም የዳኝነቱን ገንዘብ ያስቀራል እንጂ የመኪናውንና የአልጋውን አይከፍልም።

በባሌ የመንገድ ርቀትና የመሬት ክርክር የቆየ ዝምድና አላቸው። እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ ባሌ በሐረርጌ ሥር ስለነበር የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ሐረር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጎባ ሆነ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየው የገበሬዎች አመፅም ከመሬትና ከግብር በደል ተለይቶ አይታይም። ዛሬ ምሥራቅ ባሌ ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ መቀመጫው ጊኒር ነው። መንገዱ አጥሯል፤ ወጪው ግን አሁንም በአቤት ባዩ ላይ ነው።

የሌላውን አገር ልምድ ብናይ፥ አሜሪካ በዚህ በኩል አርአያ አትሆነንም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1930 የጠበቃ ወጪ የካሣው አካል አይደለም ብሏል፤ ወጪውን የሚተኩት በልዩ ሕግ የፈቀዱ እንደ ፍሎሪዳ ያሉ ግዛቶች ናቸው። የሕንድ የ1894 ሕግ ግን፥ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ እስኪተካ ድረስ፥ የመንግሥቱ ሹም ግምት በፍርድ ቤት ካልጸና ወጪውን በተለምዶ ሹሙ ይክፈል፤ ባለመሬቱ ከልክ ያለፈ ጠይቆ ከሆነ ግን ይቀነስበት ይላል። ይህ ሁለተኛው ሐረግ «ክርክር ይበዛል፥ ግምጃ ቤቱም ይራቈታል» ለሚሉ በቂ መልስ ነው። ግምቱን በትክክል የሠራ መሥሪያ ቤት አንድ ሳንቲም አይከፍልም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ አቤቱታ ሰሚውም ሆነ ጉባኤው ወይም ፍርድ ቤቱ ግምቱን ከፍ ባደረገ ጊዜ፥ አስለቃጁ መሥሪያ ቤት ከመጀመሪያው አቤቱታ ጀምሮ የወጣውን ተገቢ ወጪ ከካሣው ጋር አንድ ላይ ይክፈል፤ ይህም በአዋጁ ውስጥ ይጻፍ። የገጠር መኪና ደረሰኝ ስለማይሰጥ መጓጓዣው በታሪፍ ይታሰብ። እስከዚያው ለክረምት ወደ ሮቤ፥ ጎባና ጊኒር የምንሄድ ሁሉ የጎረቤቶቻችንን ማመልከቻ በነፃ እንጻፍ፤ የአልጋና የፎቶ ኮፒ ደረሰኛቸውንም እንዳይጥሉ እንንገራቸው።