ስለ ኀዘንተኛዪቱ እናት

የላቲን ሥርዓት ተከታዮች የሆኑት ካቶሊካውያን በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን፥ ይኸውም መስከረም 5 ቀን፥ የኀዘንተኛዪቱን እመቤት በዓል ያከብራሉ። በሥዕሏ ላይ ልቧን ሰባት ሰይፎች ወግተውት ይታያል፤ ነገሩን ለማያውቅ ሰው የሚያስደነግጥ ሥዕል ነው።

የሰይፉ ምሳሌ የተገኘው ከሉቃስ ወንጌል ነው። ሽማግሌው ስምዖን ሕፃኑን በቤተ መቅደስ ታቅፎ ሳለ በእናቲቱ ነፍስ ሰይፍ እንደሚያልፍ ተናገረ። ከዚህ ቀጥሎ ወደ ግብፅ መሰደዳቸው፥ ልጁ በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም ሦስት ቀን መጥፋቱ፥ በመስቀል መንገድ መገናኘታቸው፥ ስቅለቱ፥ ሥጋው ከመስቀል መውረዱና መቀበሩ ይቈጠራሉ። በመንገድ መገናኘታቸው በትውፊት የታወቀ ነው እንጂ በወንጌል አልተጻፈም። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መቍጠሪያውን ሰባት ጊዜ ሰባት እያልን ደግመንበታል፤ ለልጅ ጕልበት ረጅም ጸሎት ነው።

ይህን ጸሎት በተለይ ያስፋፉት፥ በ1233 የፊሬንዜ ከተማ ሰባት ነጋዴዎች የመሠረቱት፥ የማርያም አገልጋዮች የተባለው ማኅበር መነኮሳት ናቸው። በዓሉ በላቲን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንዲከበር ያዘዙት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 7ኛ ሲሆኑ፥ ዘመኑም ከናፖሌዎን ምርኮ የተመለሱበት 1814 ነበር።

ይሁን እንጂ እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን አንድ የቆየ ክርክር ነው። የዮሐንስ ወንጌል እናቲቱ በመስቀሉ አጠገብ መቆሟን ብቻ ይናገራል። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚላኖ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ አምብሮስዮስም መቆሟን እንጂ ማልቀሷን እንዳላነበበ ጽፏል። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን የአውሮፓ ሠዓሊዎች ራሷን ስታ በሴቶቹ ክንድ ላይ ስትወድቅ ይሥሏት ጀመር፤ የመውደቋ መታሰቢያ በዓል እንዲሆን የፈለጉም ነበሩ። በ1506 ካዬታኖስ የተባለው ሊቅ ይህን ተቃወመ፤ ወንጌል ቆመች ካለ ወደቀች ማለት አይገባም ሲል አስረዳ። የታወቀው የላቲን መዝሙር «ስታባት ማቴር» ስሙ «እናት ቆማ ነበር» ማለት ሲሆን፥ እንባዋን ግን አይሰውርም። ለእኛ እውነቱ ወደዚህ ያደላል፤ ቆሞ ማልቀስ ይቻላልና።

ነገሩ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። ልጅ የሞተባት እናት ስታለቅስ «በቃሽ፥ እግዚአብሔርን አታማርሪ» ይሏታል። እንባዋ ደርቆ ዝም ብላ ብትቀመጥ ደግሞ ልበ ደንዳና ናት ብለው ያሟታል። መቼስ ከዚህ ፍርድ ማን ያመልጣል? ሊያጽናና የመጣ ሰው የኀዘንተኛዪቱን እንባ የሚመዝንበት ሚዛን ከየት አገኘ?

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዘመነ ጽጌ፥ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን፥ የእመቤታችን የግብፅ ስደት ይታሰባል። በዚያ ወራት የሚደርሰው የግዕዝ ድርሰት ሰቆቃወ ድንግል ይባላል። ላቲኖቹ ሁለተኛ ኀዘን ብለው የቈጠሩትን ስደት የእኛ ሊቃውንት በልቅሶ ዜማ አድርሰውታል። አማርኛ የምትማሩ አንባቢዎቻችን ልብ በሉ፤ ሰቆቃ በግዕዝ ልቅሶና ሙሾ ነው፤ በዛሬ አማርኛ ግን ብዙዎች ለሥቃይና ለግፍ ይናገሩበታል።

ወደ ልቅሶ ቤት ስትሄዱም የሚባለው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ነው፤ በንግግር «ያጥናሽ» ሲባልም ይሰማል። ግሡ ጸና ነው፤ ጠነከረ፥ ሳይወድቅ ቆመ ማለት ነው። ዝም በይ የሚል ትርጉም በውስጡ የለም። ለወንድ «ያጽናህ»፥ ለትልቅ ሰው «ያጽናዎት»፥ ለቤተ ሰቡ በሙሉ «ያጽናችሁ» ይባላል። ይህን ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግሮ፥ እጅ ነሥቶ፥ ከድንኳኑ ዳር መቀመጥ ይበቃል።