ያልተፈተነ ኮድ ለምን እናስረክባለን?

በቂሊንጦ የምንማር ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ እናቀርባለን፤ ይጨበጨብልናል፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን። ኮዱን ግን ከዚያ ወዲያ የሚነካው አይገኝም፤ ቢነካ ምን እንደሚፈርስ የሚያውቅ የለምና።

እኛም ለአንድ የአቃቂ ዕድር በፓይተን የመዋጮ መዝገብ ሠርተን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ኮዱን አሳምራለሁ ብሎ የጳጉሜንን ደንብ በፈረንጅ ልማድ ለወጠው፤ ይኸውም ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪ ከሌለው ጳጉሜን ስድስት ነው አለ። በእኛ አቆጣጠር ግን ስድስት የምትሆነው ቀሪው ሦስት ሲሆን፣ ማለት በዘመነ ሉቃስ ነው። የ2015 ዓ.ም. ደብተር ወደ ፕሮግራሙ ሲገለበጥ፣ ጳጉሜን 6 ቀን የከፈሉ አንዲት እናት ቀናቸው «የለም» ተባለና ውዝፍ ተጻፈባቸው። ደረሰኛቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይዘው መጡ። ደረሰኙ ጠፍቶ ቢሆንስ ኖሮ?

ይህን ለመከላከል ሦስት መስመር ይበቃ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይሁን፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ይሁን፤ የ2016 ጳጉሜን 6 ስሕተት ተብሎ ይመለስ። ዩኒትቴስት ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ የኔትወርክ መጥፋት ሰበብ አይሆነንም። ፓይቴስትን የጫነ ደግሞ የፋይሉንና የፋንክሽኑን ስም በ«ቴስት» ጀምሮ፣ ሊሆን የሚገባውን በ«አሰርት» ይጻፍ፤ በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ተፈልገው ይሄዳሉ፤ የወደቀው ከነመስመሩ ይታያል። ኮድ በተነካ ቁጥር ይህንኑ መድገም ነው።

ከኀፍረቱ በኋላ መፈተኛውን አስቀድመን ጻፍን፤ በተበላሸው ኮድ ላይ መውደቁን በዓይናችን አይተን ነው ኮዱን ያረምነው።

ጊዜ የለንም የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ሌሊቱን ሙሉ «ፕሪንት» እየጻፉ ስሕተት ለማደን ጊዜውን ከየት አገኙት? በርግጥ መፈተኛ ሁሉን ያድናል አንልም፤ ደንቡን የሳተ ሰው መፈተኛውንም አሳስቶ ይጽፋል። ስለዚህ ትክክለኛው ቀን ከኮዱ ሳይሆን ከግድግዳው ካላንደር ይቀዳ።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ኮድን ያለ መፈተኛው አይቀበሉ፤ መምህራንም ስላይድ ከማየታቸው በፊት ተማሪው በፊታቸው ያሂደው። የዕድሩ ኮድ ከነመፈተኛው በእጃችን አለ፤ መጥቶ የሚሰብረው ቢገኝ ደስታችን ነው።