ከአጥር የሚቀዳ ናፍጣ

የሰሜን ወሎዋ ሀብሩ የመስኖ ገበሬ ሽንኩርቱን ሲተክል የገበያውን ዋጋ ብቻ አያሰላም፤ የናፍጣውንም ያሰላል። በጊራና ሸለቆም ሆነ በመርሳ ዙሪያ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ማሳ ውኃ የሚስበው ሞተር ነዳጅ ካጣ ዝም ይላል፤ ቡቃያው ግን አይታገስም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር በጀሪካን የሚቸበቸበው ነዳጅ ዋጋው የት እንደሚደርስ ደግሞ ወልዲያ በሰሜኑ ጦርነት ወራት አይታዋለች። በእንዲህ ያለ አገር “ነዳጅ ከዛፍ ይገኛል” የሚል ሰው ሲመጣ ጆሮ የሚሰጠው ቢበዛ አይገርምም።

ዛፉ ጃትሮፋ ነው። ትውልዱ መካከለኛው አሜሪካ ይሁን እንጂ ለወሎ እንግዳ አይደለም። የባቲ ገበሬ ስለ ባዮፊውል ከመወራቱ በፊት ጀምሮ ለአጥር ሲተክለው ኖሯል። ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢሰኩት ይበቅላል፤ ከብትም ሆነ ፍየል አይበላውም። ልቅ ግጦሽ ባለበት ቆላ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ለተክል አይሰጥም። የፍሬው ክብደት ሲሶ ያህሉ ዘይት ነው። ዘይቱ ግን አይበላም፤ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎም መርዝ ስላለበት ለማዳበሪያ እንጂ ለከብት አይሆንም።

ዓለም ይህን የአጥር ተክል እ.ኤ.አ. በ2007 በድንገት ወደደው። ግዙፉ ቢፒ በዚያ ዓመት ከእንግሊዙ ዲ1 ኦይልስ ጋር ለጃትሮፋ ሽርክና ገባ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣች፤ ለባዮዲዝል ተክሎች ተስማሚ ነው የተባለው መሬት 23.3 ሚሊዮን ሄክታር ነበር። የአገሪቱ ስፋት አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው! ባዶ መሬት በወረቀት ላይ ማግኘት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከዚህ በላይ ማሳያ አያሻም። ምሥራቅ ሐረርጌ ላይ የጀርመኑ ፍሎራ ኢኮፓወር ለሌላው የባዮዲዝል ተክል፣ ለጉሎ፣ እርሻ ከወሰደው መሬት ከፊሉ የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ሆኖ ተገኘ። በሐምሌ 2008 በርሜሉ 147 ዶላር የደረሰው ድፍድፍ ነዳጅ በዚያው ታኅሣሥ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። ቢፒ በ2009 ሽርክናውን ጥሎ ወጣ።

በሀብሩም ባዶ መሬት የለም። ከንክኪ ነፃ የሆነው ተራራ የሚታጨድ ሣር አለው፤ ቀፎ ይሰቀልበታል። ማሽላው ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ቃርሚያ የከብት ቀለብ ነው። ከቢሮ ሲታይ “ጠፍ” የተባለው ገደል እንኳ ፍየሉን የሚያውልበት ባለቤት አለው። ስለዚህ ጃትሮፋ ማሳ ውስጥ ምን ያህል ይሰጣል ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። የሚያዋጣው ጥያቄ አጥሩ ምን ይሰጣል የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ማሊ ትቀርባለች፤ እዚያ ከአንድ ሜትር የጃትሮፋ አጥር በዓመት 0.8 ኪሎ ያህል ፍሬ እንደሚገኝ ተለክቷል። ሀብሩ ያለ ገበሬ 200 ሜትር አጥር አለው እንበል። ፍሬው 160 ኪሎ ይሆናል። በገጠር መጭመቂያ አንድ ሊትር ዘይት ለማውጣት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይፈጃል፤ ስለዚህ የዓመቱ ዘይት ከ32 እስከ 40 ሊትር ነው። በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ የሚጠጣ ትንሽ ሞተር በዚህ ቢበዛ 40 ሰዓት ይሠራል። ናፍጣ በጠፋበት ሳምንት ሽንኩርቱን ሊያተርፍ ይችላል። ድህነትን ግን አያጠፋም። ፍሬው በመኪና ተጭኖ ወደ ሩቅ ፋብሪካ ከሄደ ደግሞ ስሌቱ ይብሳል፤ ናፍጣ ምንም ያህል ቢወደድ የአንድ ኪሎ ፍሬ ዋጋ ከሊትሩ ሩብ ማለፍ አይችልም። ከዚያ ላይ የመጭመቂያና የማጓጓዣ ይነሳል። ፍሬው ባንድ ጊዜ ስለማይበስል እየተመላለሱ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። የልጆችና የሴቶች ጉልበት እንደ ነፃ ካልተቆጠረ በቀር ይህ ንግድ አያዋጣም።

ሌላም ችግር አለ። ዘይቱ ከናፍጣ ይወፍራል፤ እንዳለ ቢጨመርባት አነስተኛዋ ሞተር ማጣሪያዋ ይደፈናል፣ መርጫዋም ይበላሻል። በታንዛኒያ አሩሻ የሚገኘው ካኩቴ የተባለ ድርጅት ከጃትሮፋ ዘይት የተሻለ ገቢ ያገኘው ሞተር በማንቀሳቀስ ሳይሆን ሳሙና በማምረት ነው።

ነገሩ ሁሉ ክሽፈት ነው ማለትም አይቻልም። ማርታ ነጋሽና ዮሃን ስዊነን እ.ኤ.አ. በ2013 በኢነርጂ ፖሊሲ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ጉሎ በኮንትራት ያመረቱ ገበሬዎች የምግብ እጥረት ጊዜያቸው እንዳጠረ አሳይተዋል። እነዚያ ገበሬዎች ግን መሬታቸውን በሙሉ አልለወጡም፤ ከማሳቸው ጥቂቱን ለጉሎ ሰጥተው በምላሹ ማዳበሪያና ገበያ አግኝተዋል። ጉሎ ደግሞ በዓመቱ ይደርሳል፤ ጃትሮፋ ዓመታት ያስጠብቃል።

ለአየር ንብረቱ የሚቆረቆር ሰው ደግሞ ወላይታ ሁምቦን ቢያይ ይበጀዋል። እዚያ 2,728 ሄክታር ተራራ ተከልሎ፣ አፈር ውስጥ የነበረው የዛፍ ጉቶ እንዲያንሰራራ ተደርጎ፣ የገበሬ ማኅበራቱ የካርቦን ገንዘብ አግኝተውበታል። አዲስ ተክል ከባሕር ማዶ ማምጣት ዋናው ሥራ አልነበረም። በሀብሩም ጃትሮፋ ዛፉን ከምድጃ አያድነውም፤ እናቶች እሳት የሚያነዱት በእንጨት፣ በኩበትና በአገዳ ነው፤ የጃትሮፋ ዘይት የሚደርሰው ለሞተሩ እንጂ ለምድጃው አይደለም።

ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ሀብሩ ውስጥ ነው፤ ጊራና-1 የተባለውን የማሽላ ዝርያ ለገበሬው ያደረሰው እሱ ነው። የአንድ ሜትር አጥር በመርሳ ቆላ ስንት ኪሎ እንደሚሰጥ፣ ስንት ቀን ለቀማ እንደሚፈጅ ለክቶ ቢነግረን የማሊን ቁጥር ከመዋስ ይገላግለናል። ከዚያ በኋላ መነጋገር ያለብን ስለ መጭመቂያው ነው፤ ማሽኑ መርሳ ላይ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ግቢ ይተከላል ወይስ ፍሬውን በኩንታል ሰብስቦ የሚወስድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ?