አፈሩ ሳይመረመር መሠረት አይጣል

በከተማችን አንድ አሮጌ ፋብሪካ ሲዘጋ ወሬው ሁሉ ስለሚተካው ፎቅ ነው። ቁመቱ ይነገራል፤ የሚይዘው ሱቅና መኖሪያ ይቆጠራል። ከሥሩ ያለው አፈር ሠላሳና አርባ ዓመት ምን ሲጠጣ እንደ ኖረ ግን የሚጠይቅ አናይም። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ይህንኑ ነው፤ የምርመራው ገንዘብስ ከማን ኪስ ይውጣ?

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ለማወቅ በአሜሪካ በናያጋራ ፎልስ ከተማ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። (የአሜሪካውን ታሪክ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ላቭ ካናል በሚባለው ስፍራ ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 ድረስ 21,000 ቶን ያህል የኬሚካል ቆሻሻ ቀበረ። ከዚያም መሬቱን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠ። ከሥር ኬሚካል መቀበሩና ኩባንያው ለሚደርሰው ጉዳት እንደማይጠየቅ በውሉ ላይ ተጽፎ ነበር። ቦርዱ ይህን ተቀብሎ ፈረመ፤ ትምህርት ቤትም ሠራበት። በዙሪያው ቤቶች ተሠሩ። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላ የተቀበረው ወደ ግቢዎችና ወደ ምድር ቤቶች ወጣ፤ በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጁ፤ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ጥለው ወጡ። በአንድ ዶላር የተገዛ መሬት!

በ1980 የወጣው ሕግ የበከለ ያጽዳ አለ። መልካም ነው። ነገር ግን ኀላፊነቱ የመሬቱን ባለቤት ጭምር የሚይዝ ስለ ሆነ ያልታሰበ ነገር አስከተለ፤ አሮጌ የፋብሪካ መሬት የሚገዛ ጠፋ። ባለቤቱም ማስመርመሩን ፈራ፤ መርዝ ከተገኘ ዕዳው የራሱ ነውና። ባለሀብቱ ከከተማ ወጥቶ ባልተነካ እርሻ ላይ ሠራ፤ በከተማው መካከል ያለው ቦታ ታጥሮ ቀረ። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከ450,000 በላይ እንደሚሆኑ ገምቷል። ቦታው እንዲሸሽ የተረጋገጠ መርዝ እንኳ አያስፈልገውም፤ ጥርጣሬ ይበቃዋል።

መላው የተገኘው መንግሥት ለምርመራው ራሱ መክፈል ሲጀምር ነው። በ1993 በኦሃዮ በካያሆጋ አውራጃ ተሞከረ፤ በ2002 ሕግ ወጣለት፤ በ2021 በጸደቀው የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ ለምርመራና ለማጽዳት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን የመጀመሪያው እርምጃ ነው። መርማሪው አስቀድሞ አካፋ አያነሣም። የድሮ ካርታና መዝገብ ያገላብጣል፤ ቦታውን ተዘዋውሮ ያያል፤ የቀድሞ ሠራተኞችን ፈልጎ «ነዳጁ የት ይጠራቀም ነበር? ቆሻሻውን የት ትደፉ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያጠራጥር ነገር ሲገኝ ነው የሚቆፈረው፤ አፈሩና የከርሰ ምድሩ ውሃም ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው። ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ቦታም አለ፤ ያን ጊዜ ያለ ፍርሃት ይሠራበታል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። (ይህን በምሳ ሰዓት የምታነቡ ጓደኞቻችን ይቅር በሉን።) ውሃው ይህን ከተሸከመ፥ ቆዳ በክሮም ሲለፋበትና ጨርቅ ሲቀለምበት የኖረው ግቢ ምን ይዞ ይሆን? ጋራዡም ከዚህ አያመልጥም፤ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ሲደፋ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ደንግጓል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ተወርሶ፥ ተሽጦ፥ ስሙን ሦስት ጊዜ ለውጦ የተዘጋ እንደ ሆነ ማን ይጠራል? በአሜሪካ ባለቤቱ ማን ነው በሚለው ብዙ ተከራክረዋል። እኛ ይህ ችግር የለብንም፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቦታውን በሊዝ የሚያጫርተው መንግሥት ከሆነ የሚያጫርተውን ነገር አስቀድሞ መርምሮ ማወቅ የሱ ፈንታ ነው። ከሊዙ ገቢ ጥቂቱ ለዚህ ይመደብ፤ ውጤቱም ከጨረታው ሰነድ ጋር ማንም እንዲያየው ይውጣ።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። ድኽነታችንን አንክድም። ዳሩ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ከመሣሪያ ይልቅ እግርና ጆሮ የሚፈልግ ነው። የነዳጁን ማጠራቀሚያ ቦታ የሚያውቁት ሠራተኞች ዛሬ ሸምግለዋል፤ ብዙው ያልተጻፈ ስለ ሆነ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል።

እነሱን እየዞርን ለመጠየቅና ቃላቸውን ለመመዝገብ እኛ ተማሪዎች ዝግጁ ነን። የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ መምህሮቻችን የጥያቄውን ዝርዝር ቢያዘጋጁልን፥ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጡትም ከዚህ ቢጀምሩ፥ ሥራው በመጪው ክረምት ሊጀመር ይችላል። ለቁፋሮውና ለላቦራቶሪው የሚያስፈልገውን በጀት ግን ማዘጋጃ ቤቱ ይመድብ፤ የመጀመሪያው ቦታ የትኛው እንደሚሆንም አጥሩ ከመፍረሱ በፊት ያስታውቀን።